በወልደ ሰንበት ዳስ ማን አነጠሰው?

ሞጣ ገበያ ላይ የሚወራው እንዲህ ነው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወልደ ሰንበት የሚባል የቢቸና ልብስ ሰፊ በገዛ ልጁ ሰርግ ላይ አነጠሰው። አንድ ጊዜ ብቻ! በዚያች በአንዲት ንጥሻ ዳሱ ከነምሰሶው ተነቅሎ ሄደ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ተፈነከተ፤ የአንዱ ሚዜ የፊት ጥርስ ተስፈንጥሮ መርጡለ ማርያም መንገድ ላይ ተገኘ፤ ሁለት በሬዎች ደንብረው ዓባይን ተሻገሩ፤ ያውም ድልድዩን ንቀው በዋና።

ወሬውን ሞጣ ያደረሰው ሰርገኛውን ጭኖ የሄደው የኤንትሬ ሹፌር አብዱልዋሂድ ነው። አብዱልዋሂድ ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ አንድ ጎማ የፈነዳበት ቀን «በባዶ ቸርኬ ነው የገባሁት» ማለቱ ነው። ስለዚህ ወሬው ሳይበጠር አይዋጥም። በሬ ዓባይን በዋና? የጎጃም በሬ ከዓባይ ማዶ ምን ዘመድ አለው? ጥርሱስ? ሰው ጥርሱን አፉ ውስጥ ይዞ በመኪና ሲሄድ እንኳ ከቢቸና መርጡለ ማርያም እስኪደርስ ወገቡ ይቆረጣል፤ ጥርስ ብቻዋን በእግሯ ደረሰች? ወልደ ሰንበትን ያየ ሰው ደግሞ ጭራሽ ይስቃል። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲሰፋ ያየው ሰው መኪናዋ እሱን የምትሰፋው የሚመስለው ሰው ነው። ይህ ሰው በአፍንጫው ዳስ ነቀለ ቢሉ ማን ያምናል?

እውነቱ ሌላ ነው። እውነቱ ከወሬው ይብሳል።

ወልደ ሰንበት ሁለት ደመኞች ነበሩት፤ አንዱ ሰው፣ አንዱ እብቅ።

የሰውየው ነገር የጀመረው በስልሳ ሰባት ነው። መሬት ላራሹ በታወጀ ሰሞን ታላቅ ወንድሙ ፋንታ፣ ጉንደ ወይን ከተማ አጠገብ ካለ ማሳ ላይ ከአንድ የሞጣ ሰው ጋር በድንበር ተጣላና በመጥረቢያ ሦስት ጊዜ መታው። አንዱ ይበቃ ነበር። ፋንታ ግን የጀመረውን ሥራ ለነገ የሚያሳድር ሰው አልነበረም። ሰውየው እዚያው ወደቀ። ሰው የሞተለት ድንበርም ዓመት ሳይሞላው የገበሬ ማኅበሩ አርሶ አጠፋው። ፋንታ ወህኒ ወረደ፣ እዚያው ተስቦ ገደለው። የሟች ታላቅ ወንድም አቶ ሣህለ ማርያም ይህን ሲሰሙ፣ «ተስቦ የኔን ደም አይመልስልኝም» አሉ። ደሙ ወደ ታናሽ ወንድም፣ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ወልደ ሰንበት የሚሰፋው ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ነው። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እጁን ያያል፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ጨርቁን በመጨረሻ። አንድ ጊዜ በመስኮት የገባ ጥይት አንድ አስተማሪ ያሰፋውን አዲስ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በስቶ ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ሌላ ጊዜ ከገበያ ሲመለስ ከቁጥቋጦ የተወረወረ ድንጋይ የግራ ጆሮውን ጫፍ ወሰደው። «ቢያንስ ቀኙ አለ» አለ ወልደ ሰንበት፤ እርሳሱን የሚሰካው በቀኙ ነበርና።

ሁለተኛው ደመኛ በየዓመቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ይመጣል። ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማ ላይ ተወቅቶ በመንሽ ወደ ሰማይ ሲወረወር፣ ፍሬው ለባለቤቱ ይወርዳል፤ እብቁ ግን የትም ይሁን የት ዞሮ የወልደ ሰንበትን አፍንጫ ፈልጎ ያገኛል። ዐይኑ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አፍንጫው እንደ ክረምት ጣራ ያፈሳል። ንጥሻው አንዴ ከጀመረ ዐሥር ሳይሞላ አይለቀውም። ዳማከሴ ጨመቀ፣ ፌጦ ዋጠ፣ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ሰባት ቀን ጠበል ገባ። ጠበሉ ቦታ ድረስ እብቁ ተከትሎት ሄደ።

መጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደ። ድሬሰሩ አፍንጫውን በባትሪ አየና፣

«አለርጂ ነው» አለው።

«መድኃኒቱስ?»

«ጤፍ የሌለበት አገር መሄድ።»

«እንዲህ ያለ አገር አለ እንዴ?»

«ራሽያ።»

«እኔን ማን ራሽያ ይልከኛል፣ የልብስ ስፌት ካድሬ አይደለሁ!»

«እንግዲያው ይችን ቢጫ ክኒን ውሰድ። አንድ ከዋጥክ ትተኛለህ። ሁለት ከዋጥክ ቆመህ ትተኛለህ። ሦስት እንዳትሞክር።»

የሁለቱ ደመኞች ማኅበር የከፋው በዚህ ነው፤ ሰው ሲያነጥሰው ዐይኑን ይጨፍናል። ደም ያለበት ሰው ደግሞ ዐይኑን መጨፈን አይችልም። ስለዚህ በጥር ወልደ ሰንበት ባነጠሰው ቁጥር ሚስቱ ይርጋነሽ የሙቀጫ ዘነዘናዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። እሱ ያነጥሰዋል፤ እሷ ፊቷን ሳትመልስ «ይማርህ» ትላለች፤ እሱ «ያኑርሽ» ይላል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ይህን ያስቆመችው ልጁ ፈንታነሽ ናት። መሠረተ ትምህርት ዘምታ ሞጣ አካባቢ ስታስተምር ገብረ ኪዳን ከሚባል ሌላ ዘማች ጋር ፊደል ሲያስቆጥሩ ውለው ደብዳቤ ሲጻጻፉ ከረሙ። ገብረ ኪዳን ማን ነው ቢሉ የዚያ በመጥረቢያ የሞተው ሰውዬ ልጅ! ነገሩ ሲሰማ ሁለቱም ቤት በአንድ ቀን ጦር ከጣራ አወረደ። በመካከል የገቡት የቅኔው መምህር አካለ ወልድ ናቸው።

«ልጆቹ ታርቀዋል» አሉ መምህር። «የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ሰርጉ ቢቸና ይሁን፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዳስ ውስጥ ይብላ። ከምሳ በኋላ መስቀል ይዤ አስምላችኋለሁ፣ ደሙ ይደርቃል። ነገር ግን ከመሐላው በፊት አንዲት ጠብታ ደም ከፈሰሰች እርቁ ፈረሰ፤ ልጅቱ ወደ አባቷ ቤት፣ ደሙም ወደ ቦታው።»

ሁለቱም ወገን «እሺ» አለ። ወልደ ሰንበት በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ሌሊት በጀርባው ተኛ።

ታዲያ ዳሱ የተጣለው ከቤቱ ጓሮ ነው፤ ከጓሮው ወዲያ የአምራቾች ማኅበሩ አውድማ አለ። ወልደ ሰንበት ለሰርጉ ቀን ብቻ ውቂያው እንዲቆም ሊቀመንበሩን ለመነ። ሊቀመንበሩ ሱሪውን በነጻ አስጠብቦ ካበቃ በኋላ፣ «ጓድ ወልደ ሰንበት፣ ምርት የዘመቻ ሥራ ነው። ሰርግ የግል ጉዳይ ነው። አብዮቱ ለአፍንጫ አይቆምም» ብሎ መለሰው።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት ወልደ ሰንበት ሁለት ክኒን ዋጠ። አሰበና ሦስተኛውን ደገመ።

ሰርገኛው በአብዱልዋሂድ ኤንትሬ ደረሰ። የሙሽሪት ወገን እንደ ወጉ ዱላ አጋድሞ በሩን ዘጋ፤ «አናስገባም ሰርገኛ!» ተባለ፤ መገፋፋት ሆነ። የወልደ ሰንበት ያጎት ልጅ ውበቴ ወጉን ከሌሎቹ ጠንከር አድርጎ ስለያዘው አንዱን ሚዜ ክርኑ ላይ አቀመሰው። ሚዜው እየሳቀ ክርኑን አሸ፤ ሳቁ ግን ዐይኑ ድረስ አልወጣም። ይህ ሁሉ ሲሆን አባትየው ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ተኝቷል። ይርጋነሽ ጎኑን ቆነጠጠችውና፣ «አንተ ሰውዬ! ደመኛህ እየገባ ነው፣ ንቃ እንጂ!» አለችው።

አቶ ሣህለ ማርያም ገቡ። ሰውየው ሲገቡ ዳሱ ዝቅ ያለ መሰለ። ሽመላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከወልደ ሰንበት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንተ ብላ» አለ ውበቴ በጆሮው። «እኔ የሰውየውን አፍ አያለሁ።»

«አፋቸውን ምን ያደርግልሃል?»

«ክፉ ሐሳብ መጀመሪያ የሚታየው በአፍ ነው።»

ሥጋው ቀረበ፣ ጠጁ ዞረ። ሁሉም በሰላም ሲሄድ ነፋሱ አቅጣጫውን ለወጠ። ከአውድማው የተነሣ ወርቅማ ደመና በዳሱ ቅጠል ሾልኮ ገባ። ወልደ ሰንበት በሦስቱ ክኒን እየተንገዳገደ አፍንጫውን ጨመቀ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ምላሱን ነከሰ፣ የእናቱን ቀብር አሰበ። አልሆነም።

«እጥሽ!»

«ይማርዎ!» አለ ዳሱ በሙሉ። አቶ ሣህለ ማርያም ጭምር፣ በወፍራም ድምፅ፣ «ይማርዎ» አሉ።

«ያኑራችሁ» አለ ወልደ ሰንበት፤ እንባው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ደመኛ ለደመኛው «ይማርዎ» ሲል የሰማ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ መሐላው ግማሹ ያለቀ መሰላቸው።

ሁለተኛው መጣ፣ «ይማርዎ!» ሦስተኛው፣ «ይማርዎ!» ሰባተኛው ላይ ነገሩ ሥራ ሆነ፤ ሰው አንድ ጎርሶ አንድ «ይማርዎ» ይላል። ዘጠነኛው ላይ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ትቶ እሱኑ ብቻ ይላል። ግን ማንም አላቋረጠም፤ ቢቸና ውስጥ ሰው አንጥሶት ዝም ያለ ሰው ሞቱን የተመኘ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ በዚያ ዳስ ውስጥ ሞቱን የሚመኝ ሰው መምሰል የሚፈልግ አልነበረም። አቶ ሣህለ ማርያምም ዘጠኙንም ሳያጓድሉ አሉ። ውበቴ በጣቱ ቆጥሯል።

ይርጋነሽ ልቧ በደስታ ቀለጠ። እጇን ታጥባ መጣችና፣ «ጌታዬ፣ በሞቴ!» ብላ አቶ ሣህለ ማርያምን አጎረሰቻቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ወዲያው ሁለተኛውን ጠቀለለች። ሁለተኛው የአራስ ልጅ ራስ ያህል ነበር፤ ሥጋው፣ አዋዜው፣ እንጀራው፣ ሁሉም አለበት። የጨዋ ልጅ ጉርሻ አይመልስም። ሰውየው አፋቸውን እንደ ጎተራ በር ከፍተው ተቀበሉት።

«እጥሽ!» አለ ወልደ ሰንበት። ዐሥረኛው፣ የሁሉም ትልቁ።

«ይማርዎ!» አለ ዳሱ።

አቶ ሣህለ ማርያም ዐይናቸው ፈጠጠ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ጉንጫቸው እንደ ቀንድ ነፊ ጉንጭ ተነፋ። ድምፅ ግን አልወጣም።

«ዝም አሉ!» ብሎ ጮኸ ውበቴ።

«ማን?» አለ ጎረቤቱ።

«ደመኛው! ጋሼን ሲያነጥሰው ዝም አሉ! እርስዎ፣ አይሉም?»

አቶ ሣህለ ማርያም አፌ ሞልቷል ለማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

«አልልም አሉ! በዐይኔ አየሁ፣ አልልም አሉ! ይሙት ማለታቸው ነው!»

የውበቴ በርጩማ ከዚህ ቃል ጋር አብሮ ተነሣ። የሰውየው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጉርሻው ከአፋቸው እንደ መድፍ ወጥቶ፣ ገና ሥጋ ሊቀምስ ብቅ ያለውን የአምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ግንባሩ ላይ አገኘው። ሊቀመንበሩ «ቦምብ!» ብሎ ወደቀ። አጃቢው አብዮት ጠባቂ ይህን ሲሰማ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ያ ተኩስ ለሞጣ ሰዎች ደወል ሆነ።

ክርኑን የተመታው ሚዜ ብርሌውን ውበቴ አናት ላይ ሰበረው። ሽመል ሽመልን አገኘ። ሽመል ያልያዘ የዳሱን ምሰሶ ነቀለ፤ አንዱ ሲነቅል ሌላው ሲነቅል ጣራው ከነቅጠሉ ወረደባቸው፤ ከሥሩ ሆነው ማን ማን እንደሆነ ሳይተያዩ ተደባደቡ። አንዱ የገዛ አማቱን እግር ነከሰ። የቀይ ወጡ ድስት ሁለት ሰው አቃጥሎ ሦስተኛው ራስ ላይ እንደ ቆብ ተደፋ። አንድ ሚዜ የፊት ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ ትክ ብሎ አየው። ሙሽራው ሊገላግል ሲገባ ክንዱ ቀጭ አለ። ሙሽሪት ፈንታነሽ ያን ስታይ ጃንጥላዋን አጥፋ፣ «ባሌን!» እያለች የመታችው የአባቷን ወገን ነው፤ ጃንጥላው አራት ሰው ላይ ተሰብሮ በአምስተኛው ላይ አለቀ።

ወልደ ሰንበት በጠረጴዛ ሥር እየዳኸ ነበር። ክኒኑ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳየዋል፤ የውበቴን ሁለት ራሶች አየ፣ ከሁለቱም ደም ይወርዳል። አንዲት ጠብታ ተብሎ ነበር። አለቀ፣ አለ በልቡ፤ ልጄም ትመለሳለች፣ እኔም ከበሩ ፊት ለፊት እመለሳለሁ፤ እስከ መቼ? እስኪገድሉኝ።

ያን ጊዜ አንድ ከባድ እጅ ኮሌታውን ይዞ አወጣው። አቶ ሣህለ ማርያም ናቸው። በቀኛቸው የሥጋው ካራ አለ። እየጎተቱ በፈረሰው አጥር አሳልፈው አውድማው ላይ፣ የእብቁ ክምር ውስጥ ጣሉትና ደረቱ ላይ ተቀመጡ።

«ወንድሜን ታስታውሰዋለህ?» አሉ። ካራው አንገቱ ላይ ነው።

ወልደ ሰንበት ያሰበው አፍንጫውን ነው። እብቁ ጆሮው ውስጥ፣ ዐይኑ ውስጥ፣ አፍንጫው ውስጥ ነበር፤ ዐሥራ አንደኛው ንጥሻ ደግሞ ከሆዱ ተነሥቶ በደረቱ እየወጣ ነው። ካነጠሰው አንገቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከተነሣ ስለቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰውየው ሳያርዱት በገዛ አፍንጫው ሊታረድ! ጥርሱን ነከሰ፣ እግሩን አወራጨ፣ ፊቱ ጠቆረ። ስለቱ ቆዳውን ገመሰ፤ ትኩስ ነገር ወደ ጀርባው ሲወርድ ተሰማው።

ከዚያ የአቶ ሣህለ ማርያም አፍንጫ ሰፋ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ራሳቸው ወደ ኋላ ሄደ፣ ዐይናቸው ተጨፈነ፣

«ኧንጥሽ!»

እንዲህ ያለ ንጥሻ ቢቸና ሰምታ አታውቅም። ካራው ከእጃቸው ወድቆ የወልደ ሰንበት መዳፍ ላይ አረፈ። ደመኛው ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጉሮሯቸው ራቁቱን ከፊቱ ነው። ስምንት ዓመት የፈራው ቅጽበት ተገልብጦ መጣለት። ጣቶቹ እጀታውን ጨበጡ። አፉ ግን እጁን አልጠበቀም።

«ይማርዎ» አለ።

«ያኑርዎ» አሉ አቶ ሣህለ ማርያም።

ሁለቱም ደነገጡ። አሁን አንተ ብለው ሊያርዱት የነበሩት ሰው፣ ያኑርዎ! ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ አይመለስም፤ ያኑርህ ያሉትን ሰው ደግሞ በምን አፍ፣ በምን እጅ ይገድሉታል? እንደገና አነጠሳቸው። «ይማርዎ።» «ያኑርዎ።» እሱንም አነጠሰው። «ይማርዎ።» «ያኑርዎ።» በአጥሩ በኩል ዱላ አንሥቶ የነበረው ሁሉ ሰምቶ ዱላውን አወረደ። ነፋሱ እብቁን ሁሉም ላይ ሲያርከፈክፈው ዐሥራ ዘጠኙም ቁስለኛ ያነጥሰው ጀመር፤ ሞጣ ለቢቸና፣ ቢቸና ለሞጣ፣ ይማርህ ያኑርህ ሲባባል አውድማው የቁርባን ቀን መሰለ።

መምህር አካለ ወልድ ጥምጥማቸውን ከወጥ ውስጥ አውጥተው መጡ። መስቀሉን አነሡ።

«ከመሐላው በፊት ደም ከፈሰሰ እርቁ ፈረሰ ብዬ ነበር» አሉ። «ደም የፈሰሰበት ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

ጥርሱን መዳፉ ላይ የያዘው ሚዜ እጁን ኪሱ ከተተ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ፤ ጥርስ ስለጎደለው ቃሉ ያፏጫል።

«ክንድህስ?» አሉት ሙሽራውን።

«ከመኪና ስወርድ ነው፣ የኔታ።»

አቶ ሣህለ ማርያም የወልደ ሰንበትን አንገት አዩ፣ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ራሳቸው ጠመጠሙለት። «እኔም አላየሁ» አሉ።

የቀረው ውበቴ ነው። ደሙ ከአናቱ እስከ አገጩ ወርዷል፤ አንዲት ቃል ቢወጣው ልጅቱም ደሙም ተመለሱ። ወልደ ሰንበት ያን ካራ እንደጨበጠ ትክ ብሎ አየው።

«ላብ ነው» አለ ውበቴ።

«አሜን» አሉ መምህር፣ ማንም ሐሳቡን ሳይለውጥ አስማሉ። በዚያ መሐላ ላይ አንዲት ቃል ጨመሩ፤ ዛሬ እዚህ ዳስ ውስጥ ደም ፈሰሰ ያለ፣ እርቁን ያፈረሰ እሱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ፈንታነሽ ወንድ ልጅ ወለደችና ወልደ ሰንበት ለክርስትናው ሞጣ ሄደ። አንገቱ ላይ እንደ ኮሌታ ስፌት የተጋደመ ጠባሳ አለ። ሻይ ቤት ሲገባ አብዱልዋሂድ በወሬው በሬዎቹን ዓባይ መሀል አድርሷቸው ነበር። ከሟች ወገን የሆኑ ሁለት ጎረምሶች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣

«አባባ፣ ያን ቀን ደም ፈሶ ነበር የሚሉት እውነት ነው?» አሉት።

«አቶ ወልደ ሰንበት፣ እስቲ ይንገሯቸው!» አለ አብዱልዋሂድ። «እኔ ጋቢናው ላይ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ!»

ወልደ ሰንበት ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ።

«ውሸት ነው» አለ። «ዳስ አልፈረሰም። ማንም ማንንም አልመታም። ደም የሚባል ነገር አልፈሰሰም። እኔ ደግሞ ከተወለድሁ እስካሁን አንጥሶኝ አያውቅም።»